እጅ ወይስ እግር? የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ዕድሜና የውርወራ ውጤታማነት፦ ሂሳዊ ዳሰሳ

መግቢያ

በቅርጫት ኳስ ወዳጆችና ተንታኞች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። ይኸውም ተጫዋች ዕድሜው ሲገፋ ፍጥነቱና ዝላዩ ይቀንሳል፤ ኳስን ወደ ቅርጫት የመወርወር ችሎታው ግን አያረጅም የሚለው ነው። ለዚህ እምነት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ማስረጃ ይቀርባል። አንደኛው አርባ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ግሩም ውጤት ያስመዘገቡ የጥቂት ታላላቅ ተጫዋቾች ታሪክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ የውድድር ዘመን የተሰለፉትን ተጫዋቾች በዕድሜ ከፋፍሎ የእያንዳንዱን የዕድሜ ክልል አማካይ የውርወራ ስኬት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የሠላሳ አምስት ዓመቱ ተጫዋች ከሃያ አምስት ዓመቱ ብዙም ሳያንስ፣ አንዳንዴም በልጦ ሲገኝ፣ አንባቢው ዕድሜ በውርወራ ላይ ሥልጣን የለውም ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል።

ይህ መደምደሚያ የተመሠረተው በተሳሳተ አቆጣጠር ላይ ነው። ስህተቱም የቅርጫት ኳስ ብቻ አይደለም። በየጤና ተቋሙ የሚዘጋጁ ሪፖርቶችን የሚያነብ፣ የሕሙማንን ክትትል የሚመዘግብ፣ የአንጋፋ ባልደረባውን ብቃት እንዲገመግም የሚጠየቅ ባለሙያ ሁሉ በየዕለቱ ይኸው ስህተት ያጋጥመዋል። ልዩነቱ በስፖርቱ ዓለም እያንዳንዱ ውርወራ በአደባባይ የሚቆጠርና የሚመዘገብ በመሆኑ ስህተቱን ነጥሎ ለማየት የሚያመች መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ አኃዞቹም የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር (ኤን.ቢ.ኤ.) የመደበኛ ውድድር ውጤቶች ናቸው።

መለኪያው ምን ይለካል?

ዕድሜ በውርወራ ላይ ስላለው ተጽዕኖ ከመናገር በፊት ውርወራ በምን እንደሚለካ ማየት ተገቢ ነው። የተለመደው መለኪያ በጨዋታ እንቅስቃሴ መካከል ከተወረወሩት ኳሶች ውስጥ ስንቱ ቅርጫት ውስጥ እንደገባ በመቶኛ የሚያሳየው ነው። በዚህ ጽሑፍ ‹‹የሜዳ ውርወራ ስኬት›› ተብሎ ተጠርቷል። መለኪያው ቀላልና ግልጽ ቢሆንም አንድ ከባድ ጉድለት አለው። ከቅርጫቱ ሥር ሆኖ ማንም ሳይከላከል የገባ ኳስና ከሰባት ሜትር ርቀት ተከላካይ ፊት ለፊት ተጋርጦ የገባ ኳስ በዚህ መለኪያ እኩል ናቸው።

ኤን.ቢ.ኤ. በ1979-80 የውድድር ዘመን የሦስት ነጥብ መስመርን ካስገባ ወዲህ ይህ ጉድለት ይበልጥ ጎልቷል። አንድ ተጫዋች ባለ ሁለት ነጥብ ውርወራዎችን በ48 በመቶ ስኬት ቢያስገባ በአንድ ውርወራ በአማካይ 0.96 ነጥብ ያገኛል። በሦስት ነጥብ ውርወራ ስኬቱ 36 በመቶ ብቻ ቢሆን ግን በአንድ ውርወራ 1.08 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ይኸው ተጫዋች ዕድሜው ሲገፋ ከቅርጫቱ ሥር መጋፋቱን ትቶ ከሩቅ መወርወር ቢያዘወትር፣ የሜዳ ውርወራ ስኬቱ እየወረደ ለቡድኑ የሚያስገኘው ጥቅም ግን ሊጨምር ይችላል። ይህን ለማረም የገባ የሦስት ነጥብ ውርወራን እንደ አንድ ተኩል የሚቆጥር ‹‹የተስተካከለ ስኬት›› የተባለ መለኪያ በሥራ ላይ ውሏል።

የጄሰን ኪድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በ1994-95 ወደ ኤን.ቢ.ኤ. ሲገባ የሦስት ነጥብ ውርወራ ስኬቱ 27.2 በመቶ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ2009-10፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት በሞላበት የውድድር ዘመን 42.5 በመቶ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ እንደ ወጣትነቱ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። እግሩ የነፈገውን በልምምድ ባካበተው ችሎታና በውርወራ ምርጫው ተክቶታል። አንዱን ቁጥር ብቻ የሚያነብ ተንታኝ ኪድ ዕድሜን አሸነፈ ይላል፤ ሁሉንም የሚያነብ ግን ዕድሜ ጨዋታውን እንዲለውጥ እንዳስገደደውና እሱም ለውጡን እንደቻለበት ይገነዘባል።

ከዚህ ሌላ ዘመኑም ራሱ ይለወጣል። ሌብሮን ጄምስ በ2003-04፣ ገና በአሥራ ስምንትና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የሜዳ ውርወራ ስኬቱ 41.7 በመቶ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2023-24፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በሞላበት የውድድር ዘመን 54.0 በመቶ አስመዘገበ። ይህ የ12.3 ነጥብ ዕድገት ነው። ይሁን እንጂ በእነዚሁ ሃያ ዓመታት የማኅበሩ አጠቃላይ አማካይ ከ43.9 ወደ 47.4 በመቶ ከፍ ብሏል። የሁለት አገሮችን የሞት መጠን ሲያወዳድር የሕዝቡን የዕድሜ ስብጥር ሳያስተካክል ድምዳሜ የሚሰጥ ባለሙያ እንደማይኖር ሁሉ፣ የሁለት ዘመን ተጫዋቾችን ሲያወዳድርም የዘመኑን አማካይ ሳይቀንስ ዕድገቱን በሙሉ ለግለሰቡ መስጠት አይገባም። የጄምስ ዕድገት ከዚህ ቅነሳ በኋላም እጅግ ከፍተኛ መሆኑ አይካድም። ከእሱ ለሚያንስ ተጫዋች ግን የዘመኑ ለውጥ ብቻውን የዕድሜን ጉዳት ሊሸፍን ይችላል።

የቀሩትና የሄዱት

ወደ ዋናው ስህተት እንመለስ። በዕድሜ የተከፋፈለው ሠንጠረዥ በሃያ አምስት ዓመት ረድፍ ላይ የሚቆጥራቸው ተጫዋቾች ጎበዙም ደካማውም፣ ተስፋ የተጣለበትም የሚሞከርበትም ናቸው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ረድፍ ላይ የሚቆጥራቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ፣ ቡድኖች ከዓመት ዓመት ሊያሰናብቷቸው ያልፈለጓቸው ናቸው። ሁለቱ ረድፎች ተመሳሳይ ሰዎችን አይዙም።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል በሃያ አምስት ዓመታቸው የሚጫወቱ አሥር ሰዎች አሉ እንበል። አምስቱ 50 በመቶ፣ አምስቱ 42 በመቶ የውርወራ ስኬት አላቸው። የአሥሩ አማካይ 46 በመቶ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ እያንዳንዳቸው፣ አንድም ሳይቀር፣ ሁለት ነጥብ ይቀንሳሉ። ጎበዞቹ 48፣ ደካሞቹ 40 በመቶ ይሆናሉ። ቡድኖች ከ45 በመቶ በታች የሆነውን ሁሉ ቢያሰናብቱ፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ረድፍ ላይ የሚቀሩት አምስቱ ጎበዞች ብቻ ሲሆኑ አማካያቸው 48 በመቶ ነው። ሠንጠረዡም ከ46 ወደ 48 በመቶ ዕድገት ያሳያል። ሁሉም ሰው ባሽቆለቆለበት ዓመታት ቡድኑ እንዳደገ ሆኖ ይነበባል ማለት ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የተፈበረከ ማስረጃ የለም፤ የተደበቀ ተጫዋችም የለም። እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ነው። የተሳሳተው ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ሠንጠረዡ የሚመልሰው ‹‹በዚህ ዕድሜ እስከ አሁን በሜዳ ላይ ያሉት እንዴት ይወረውራሉ?›› ለሚለው ጥያቄ ነው። አንባቢው ግን ‹‹ዕድሜ በአንድ ሰው ውርወራ ላይ ምን ያደርሳል?›› ብሎ ጠይቆ መልሱን ከዚያው ይወስዳል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሄዱት ሰዎች ናቸው።

በስም የሚጠቀሱት ታላላቆችም ከዚሁ ወጥመድ አይወጡም። ጄምስ፣ ካሪም አብዱል ጃባር፣ ስቲቭ ናሽ የሚታወሱት በዕድሜ ገፍተውም ስለተሳካላቸው ነው። በሠላሳ ዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ውል የሚሰጠው ቡድን አጥቶ የወጣውን ተጫዋች ስም የሚያስታውስ የለም። ማስረጃው ራሱ በመርሳት የተጣራ ነው።

አንድን ተጫዋች በጊዜ መከተል

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ማወዳደር ሳይሆን አንዱን ሰው ከራሱ ጋር በጊዜ ሂደት ማወዳደር ነው። ይህ ሲደረግ ስለ ውርወራ የሚገኘው ሥዕል ‹‹አያረጅም›› ከሚለው አባባል ይለያል። ‹‹ሁሉም ነገር ያረጃል›› ከሚለውም እንዲሁ ይለያል።

ካሪም አብዱል ጃባር በ1984-85፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሞላበት የውድድር ዘመን፣ የሜዳ ውርወራ ስኬቱ 59.9 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት የፍጻሜው ውድድር ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ዕድሜ የተሸነፈ ይመስል ነበር። ነገር ግን በመጨረሻው የውድድር ዘመኑ፣ በ1988-89፣ በአርባ አንድ ዓመቱ ስኬቱ ወደ 47.5 በመቶ ወረደ። በዚያው ዓመት የነጻ ውርወራ ስኬቱ 73.9 በመቶ ሲሆን፣ ይህም የሃያ ዓመት የኤን.ቢ.ኤ. ዘመኑ አማካይ ከሆነው 72.1 በመቶ በላይ ነው። በአንድ ሰው፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ እጅ ላይ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ታዩ።

ሬጂ ሚለር በ2004-05፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በነጻ ውርወራ ከማኅበሩ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ነበር፤ 93.3 በመቶ አስገብቷል። ዝናውን ያተረፈበት የሦስት ነጥብ ውርወራ ግን 32.2 በመቶ ብቻ ሆነ፤ የመላ ዘመኑ አማካይ 39.5 በመቶ ነበር። ያንኑ ኳስ የሚወረውረው ያው እጅ ከ4.57 ሜትር ላይ ከማንም ሲበልጥ፣ ከሰባት ሜትር ላይ ከቀድሞው ራሱ አንሶ ተገኘ።

የኮቤ ብራያንት ጉዳይ ለሐኪም ከሁሉም የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። በኤፕሪል 12 ቀን 2013 በሠላሳ አራት ዓመቱ በጨዋታ ላይ ሳለ የግራ ተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ከሜዳ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነጻ ውርወራዎች ነበሩት፤ በተበጠሰ ጅማት ቆሞ ሁለቱንም አስገባ። ሁለት ውርወራ ምንም አያረጋግጥም። ቀጥለው የመጡት ዓመታት ግን ያንኑ ተናገሩ። ከተረከዙ ቀጥሎ በጉልበቱ በኩል የአጥንት ስብራት፣ ከዚያም የቀኝ ትከሻው ጅማት መቀደድ ተከታተለበት። በ2012-13 46.3 በመቶ የነበረው የሜዳ ውርወራ ስኬቱ በመጨረሻው ዘመኑ፣ በ2015-16፣ 35.8 በመቶ ሆነ። የነጻ ውርወራ ስኬቱ ግን ከ83.9 ወደ 82.6 በመቶ ብቻ ነው የወረደው።

የማይክል ጆርዳን ታሪክ ደግሞ ዕድሜንና ሕመምን መለየት እንደሚገባ ያስገነዝባል። በ1990-91 53.9 በመቶ የነበረው የሜዳ ውርወራ ስኬቱ ከሦስት ዓመት ዕረፍት በኋላ ሲመለስ በ2001-02 41.6 በመቶ ሆነ። በዚያ ዓመት የቀኝ ጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት 60 ጨዋታ ብቻ ተሰልፏል። በቀጣዩ ዓመት፣ አርባ ዓመት በሞላበት የውድድር ዘመን፣ 82ቱንም ጨዋታዎች ተሰልፎ ስኬቱ ወደ 44.5 በመቶ ተሻሻለ። አንድ ዓመት ጨምሮ መሻሻሉ የሚያመለክተው በፊተኛው ዓመት የታየው ውድቀት በሙሉ የዕድሜ አለመሆኑን ነው። ከፊሉ መታከም የሚችል የጉልበት ሕመም ሳይሆን አይቀርም። በዕድሜ ስም የሚፈረድበት ሕመም በክሊኒክም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

እጅና እግር

ከእነዚህ ታሪኮች የሚወጣው ሐሳብ ከሰውነት አሠራር ጋር ይስማማል። ነጻ ውርወራ የሚደረገው ከቅርጫቱ ሰሌዳ 4.57 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ ያለ ተከላካይ፣ በራስ ፍጥነት፣ ለመወርወር እስከ አሥር ሰከንድ ተሰጥቶ ነው። ርቀቱ አይለወጥም፤ የቅርጫቱ ከፍታም 3.05 ሜትር እንደሆነ ይኖራል። ተጫዋቹ በዘመኑ ሁሉ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ያደረገውን እንቅስቃሴ ይደግማል። ይህ በተግባር የተቆጣጠሩት ሙከራ ነው ማለት ይቻላል፤ የእጅን፣ የዓይንንና የልማድን ቅንጅት ከቀሪው አካል ነጥሎ ይለካል።

በሜዳ ውስጥ የሚደረግ ውርወራ ግን ሌላ ነገር ነው። ተጫዋቹ ይሮጣል፣ በድንገት ይቆማል፣ ይዘላል፣ በዝላዩ ጫፍ ላይ ኳሱን ይለቃል። ኳሱን ሩቅ የሚያደርሰው ኃይል የሚጀምረው ከእግር ነው። ከተከላካዩ እጅ በላይ የሚያወጣውም ዝላዩ ነው። በጨዋታው መጨረሻ ሲደክም ቅንጅቱ ይዛባል፤ ኳሱም ያጥራል።

ዕድሜ እነዚህን ክፍሎች በእኩል አይነካም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሰውነት ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ የማያቋርጥ ልምምድ ፍጥነቱን ቢያዘገየውም አያስቀረውም። ፈጣን የጡንቻ ክሮች ከዘገምተኞቹ ቀድመው ይሳሳሉ። ስለዚህ በቅጽበት የሚወጣ ኃይል፣ ማለትም የዝላይና የድንገተኛ ሩጫ ኃይል፣ ከተራ ጥንካሬ ቀድሞ ይወርዳል። ጅማቶችም የመለጠጥና የመጠገን አቅማቸው ይቀንሳል። በአንጻሩ ለረዥም ዘመን የተለማመዱት የእጅ እንቅስቃሴ በቀላሉ አይረሳም። በአርባ ዓመት አካባቢ የሚጀምረው የዕይታ ድክመትም በዋናነት የሚነካው የቅርብ ንባብን እንጂ አራትና አምስት ሜትር ላይ ያለን ቅርጫት አይደለም።

እንግዲህ ‹‹ውርወራ አያረጅም›› የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። እጅ ዘግይቶ ያረጃል፤ እግር ግን ቀድሞ ያረጃል። በሜዳ ላይ ያለ እግር የሚወረውር እጅ የለም። አባባሉ የተሳሳተው ሁለቱን በአንድ ቁጥር ስለጨፈለቀ ነው።

የክትትሉም ስልት ጉድለት አለው

አንድን ሰው ከራሱ ጋር ማወዳደር ከሠንጠረዡ የተሻለ ቢሆንም ከስህተት የጸዳ አይደለም። የመጀመሪያው አሳሳች ነገር አጋጣሚ ነው። እውነተኛ ችሎታው 37 በመቶ የሆነ ተጫዋች በአንድ ዓመት 300 የሦስት ነጥብ ውርወራ ቢያደርግ፣ በአጋጣሚ ብቻ ውጤቱ ከ31.5 እስከ 42.5 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ሊዋዥቅ ይችላል። ቪንስ ካርተር በ2018-19 የሦስት ነጥብ ውርወራ ስኬቱ 38.9 በመቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት፣ በመጨረሻው የውድድር ዘመኑ፣ 30.2 በመቶ ሆነ። የአርባ ሁለት ዓመቱ ካርተር ወጣት፣ የአርባ ሦስት ዓመቱ አዛውንት ነበር ማለት ቁጥርን ከሚሸከመው በላይ ማስጫን ነው። ዲርክ ኖቪትስኪም በ2017-18 89.8 በመቶ የነበረው የነጻ ውርወራ ስኬቱ በመጨረሻው ዓመት 78.0 በመቶ ሆኖ ይታያል። ይህ ‹‹እጅ ዘግይቶ ያረጃል›› የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ከቁርጭምጭሚት ቀዶ ሕክምና ዘግይቶ የተመለሰው ኖቪትስኪ በአንድ ጨዋታ በአማካይ አንድ ያህል ነጻ ውርወራ ብቻ ነበር ያገኘው። በእንዲህ ያለ ጥቂት ቁጥር ላይ ሐሳብ መጣልም መገንባትም አይቻልም።

ሁለተኛው ጉድለት ረቂቅ ነው። ተጫዋቾችን ከአንድ ዓመት ወደ ቀጣዩ ለማወዳደር በሁለቱም ዓመት መጫወታቸው ግድ ነው። በፊተኛው ዓመት ዕድል የጠመመበት ይሰናበትና ከስሌቱ ይወጣል፤ ዕድል የቀናው ውል ያገኝና ይቀራል። በቀጣዩ ዓመት የቀረው ሰው ወደ ተለመደው ደረጃው ሲመለስ ውጤቱ የወረደ ይመስላል፤ ውድቀቱም ለዕድሜ ይሰጣል። እንግዲህ ጥሬው ሠንጠረዥ የዕድሜን ጉዳት ሲደብቅ፣ ይህኛው ስልት ደግሞ ሊያጋንነው ይችላል። እውነቱ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ሲሆን፣ ሁለቱም ስህተቶች የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው፤ ሰዎች ከቆጠራው የሚወጡት በአጋጣሚ ሳይሆን በምክንያት መሆኑን ከመዘንጋት።

ሦስተኛው የአካባቢው ለውጥ ነው። አብዱል ጃባር በ1984-85 ያን ያህል ሲያስገባ ኳሱን በጊዜውና በቦታው የሚያደርስለት ማጂክ ጆንሰን አብሮት ነበር። ብራያንት በ2015-16 ሲወድቅ ቡድኑ ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 17 ብቻ ነበር። የአንድ ሰው ቁጥር የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ከሜዳው ወደ ሕክምናው

የሄዱትን መዘንጋት ለሕክምና ዓለም አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ ዊልያም ኦግል በ1885 ባወጣው ሥራ፣ ከባድ ሥራ ደካሞችን ስለማያስጠጋና የታመሙትን ስለሚያስወጣ፣ በሥራው ላይ የቀሩት ሰዎች የሞት መጠን ዝቅተኛ ሆኖ እንደሚታይ አስገንዝቧል። ድንጋይ ጠራቢው ጤነኛ የሚመስለው ድንጋይ መጥረብ ለጤና ስለሚስማማ ሳይሆን የታመመው ድንጋይ ጠራቢ ሥራውን ስለተወ ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ2005 ወዲህ በየጤና ተቋሙ የክትትል መዝገብ ይያዛል። ሕክምና ከጀመሩ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሕሙማን አማካይ የሲ.ዲ.4 ቁጥር ሲጀምሩ ከነበረው በእጅጉ ከፍ ብሎ ሲገኝ መድኃኒቱ መሥራቱን ያመለክታል፤ ይህም በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን የዕድገቱን መጠን ለማወቅ በሦስተኛው ዓመት ካርዳቸው ያልተገኘውን ሰዎች መፈለግ ግድ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሞቱት፣ ክትትል ያቋረጡት፣ ወደ ሌላ ቦታ የሄዱት ከአማካዩ ውስጥ የሉም። አማካዩ ያደገው ከፊሉ የቀሩት ስለዳኑ፣ ከፊሉ ደግሞ ያልዳኑት ስላልተቆጠሩ ነው። ሪፖርቱ ሁለቱን ካልለየ ጥሩ ቁጥር የደካማ ክትትል መሸፈኛ ይሆናል። ብዙ ሕሙማን ያጣ ተቋም አማካዩ አምሮ ሊታይ ይችላልና።

ጥያቄው ወደ ባለሙያው ራሱም ይመለሳል። የሐኪም እጅ ያረጃልን? በዚህ ላይ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች ልብ ሊባሉ ይገባል። በ2006 በአናልስ ኦቭ ሰርጀሪ የታተመው ጥናት ስምንት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎችን መርምሮ፣ በአብዛኞቹ የቀዶ ሐኪሙ ዕድሜ የጎላ ልዩነት እንደማያመጣ፣ በጥቂት ውስብስብ ቀዶ ሕክምናዎች ግን ከስልሳ ዓመት በላይ በሆኑት ዘንድ የሞት መጠን ከፍ እንደሚል አሳየ። ልዩነቱም ጎልቶ የታየው ቀዶ ሕክምናውን አልፎ አልፎ ብቻ በሚሠሩት ላይ ነው። በ2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው ጥናት ደግሞ ሆስፒታል የተኙ አረጋውያን ሕሙማንን የሠላሳ ቀን ሞት አወዳደረ። ሐኪሙ ከአርባ ዓመት በታች ሲሆን 10.8 በመቶ፣ ስልሳና ከዚያ በላይ ሲሆን 12.1 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሕሙማንን በሚያዩ ሐኪሞች ዘንድ ግን የዕድሜ ልዩነቱ አልታየም።

ሁለቱም ጥናቶች በሥራ ላይ የቀሩትን ሐኪሞች ብቻ ያዩ ናቸው። እጁ እንደተንቀጠቀጠ ሲያውቅ ራሱ መቀሱን ያስቀመጠው ቀዶ ሐኪም በቆጠራው የለም። ስለዚህ የዕድሜ ጉዳት ከተገኘው ሊበልጥ እንደሚችል ማሰብ ይገባል። በሌላ በኩል ሁለቱም ያመለከቱት ነገር በቅርጫት ኳሱ ከታየው ጋር ይገጥማል፤ ያልተቋረጠ ልምምድ የዕድሜን ጉዳት ያዘገያል። አልፎ አልፎ የሚወረውር እጅና አልፎ አልፎ የሚቀድ እጅ አንድ ዕጣ ያላቸው ይመስላል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ሁለት ጎን አለው። በአንድ በኩል ‹‹ልምድ ያለው አይሳሳትም›› በሚል አንጋፋውን ከግምገማ ነጻ ማድረግ አይገባም፤ ይህ ‹‹ውርወራ አያረጅም›› ከሚለው አባባል አይለይም። በሌላ በኩል ደግሞ የልደት ዘመኑን ብቻ አይቶ ‹‹ጊዜው አልፏል›› ብሎ መፍረድ ሚለርን በነጻ ውርወራ አንደኛ በሆነበት ዓመት እጁ ደክሟል እንደማለት ነው። የሚያስፈልገው ሥራውን በየክፍሉ መለየት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መሥራት እግር ይጠይቃል። አስቸጋሪ ሕመምን መመርመር፣ ወጣቱን ማሠልጠን፣ በክብ ጉብኝት ላይ ማመዛዘን ግን በአብዛኛው የእጅና የአእምሮ ልማድ ነው። አንጋፋውን ከሌሊት ተረኝነት አሳርፎ በማስተማሩ ማቆየት ለእሱም ለሕሙማኑም ይበጃል።

ማጠቃለያ

ዕድሜ በቅርጫት ኳስ ውርወራ ላይ ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑ ግን በሁሉም ዓይነት ውርወራ ላይ እኩል አይደለም። በዝላይና በሩጫ ላይ የተመሠረተው ቀድሞ ይወድቃል፤ በተለማመደ እጅ ላይ የተመሠረተው ዘግይቶ ይወድቃል፤ አንዳንዴም በልምምድ ይሻሻላል። ይህን ልዩነት የሚሸፍነው የቀሩትን ብቻ ቆጥሮ በቀሩት የሚፈርደው ሠንጠረዥ ነው።

ማንኛውም ጤና ባለሙያ አማካይ ቁጥር በቀረበለት ጊዜ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። በመጀመሪያው ቀን የተቆጠሩት ስንት ነበሩ? ዛሬ የሌሉት ለምን የሉም? ቁጥሩስ የትኛውን ሥራ ከየትኛው ጋር ደምሮ ነው የተገኘው? እነዚህ ጥያቄዎች ባልተጠየቁበት ሥፍራ የሞተው ሕመምተኛ እንደዳነ፣ ብቁ የሆነው አንጋፋም እንደደከመ ሊቆጠር ይችላል። ሁለቱም በደል ናቸው፤ ሁለቱም የሚጀምሩት ከመዝገቡ የወጣውን ሰው ከመርሳት ነው።